በጥቁር ሸክላ ላይ ንድፍ መጫር፦ የሳንታ ክላራ ፑዌብሎ አሠራር

በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ የሳንታ ክላራ ፑዌብሎ (ፑዌብሎ የአሜሪካ ተወላጆች መንደር ነው) ሸክላ ሠሪዎች እንደ መስታወት በሚያበራ ጥቁር ዕቃ ላይ በሹል ብረት ንድፍ ይጭራሉ። የሌላው ፑዌብሎ የሳን ኢልዴፎንሶ ሸክላ ሠሪዎች ማሪያና ጁሊያን ማርቲኔዝ እ.ኤ.አ. በ1920 ገደማ ካስተዋወቁት ጥቁር በጥቁር ሸክላ ጋር አታምታቱት፤ ያ በተወለወለ ገጽ ላይ ደብዛዛ አፈር መቀባት ነው።

አፈሩን ዘፍዝፋችሁ አጣሩና ከተነፋ የእሳተ ገሞራ አመድ ጋር አቡኩት፤ ለመነሻ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አመድ። አመዱ ካነሰ ዕቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከበዛ ጭቃው ሲድቦለቦል ይፈረፈራል። አኮማ በሚባለው ፑዌብሎ በአመዱ ፈንታ የተወቀጠ ገል ይገባል፤ ይህ ለአገራችን ሸክላ ሠሪም እንግዳ አይደለም። መንኮራኩር የለም፦ ፑኪ በሚባል ጎድጓዳ መያዣ ላይ መቀመጫውን ሠርታችሁ የተድቦለቦለውን ጭቃ ዙሪያውን ደራርቡ፤ መጋጠሚያውን በቅል ስባሪ ፋቁ።

ሥራው የሚያምረው ወይም የሚበላሸው ውልወላው ላይ ነው። የደረቀውን ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ በውሃ የተበጠበጠ ቀይ አፈር በጨርቅ ደጋግማችሁ ቀቡት፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ በለስላሳ የወንዝ ጠጠር ወልውሉት። አንዴ ከጀመራችሁ ስልክ ቢጮህም አትነሡ። ቀድሞ የደረቀ ቦታ ዳግመኛ አያበራም፤ መድኃኒቱ ሁሉንም ፍቆ እንደገና መቀባት ነው። ጠጠሩ መንሸራተቱን ትቶ መያዝ ከጀመረ ቀለሙ እየደረቀባችሁ ነው።

ንድፉን በእርሳስ በስሱ አስቀምጡ። አቫንዩ የሚባለው ቀንዳም የውሃ እባብ ዕቃውን ሲዞር ራሱና ጭራው እንዳይጋፉ ዙሪያውን አስቀድማችሁ በክር ለኩ። ብረቱን አጋድማችሁ ጎትቱ፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ የጭረቱ ጠርዝ ይላጣል። ጥልቀቱ ቀዩን ቀለም አልፎ ከሥሩ ያለውን ጭቃ እስኪያሳይ ድረስ ነው፣ ከዚያ በላይ አይሻም። ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አንሡ፤ በአፍ እፍ ካላችሁት ምራቅ ያርፍበታል፣ ነጠብጣቡም አይለቅም። ዕቃውንም በባዶ እጅ ሳይሆን በጨርቅ ያዙ።

ነፋስ የሌለበት ማለዳ ምረጡ። በምድጃ ለሰዓታት በዝግታ ያልደረቀ ዕቃ እሳት ላይ ይፈነዳል። ዕቃውን ከመሬት ከፍ ባለ ፍርግርግ ላይ አስቀምጡ፣ በቆርቆሮ ከልሉት፣ በእንጨትና በኩበት አንድዱ። ሙቀቱ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ እሳቱን በደቀቀ ደረቅ የፈረስ ፋንድያ ቅበሩት። አየር ሲታፈን ጭሱ ቀዩን ያጠቁረዋል። ጭስ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኑ፤ አየር የገባበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። እሳቱ ከመጠን ካለፈ ደግሞ ውልወላው ይደበዝዛል።

ከእሳት በፊት የተጫረ መስመር ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል። ጉልህ ልዩነት ከፈለጋችሁ ከተቃጠለ በኋላ ጫሩት፤ ከጥቁሩ ሥር ፈዘዝ ያለው ጭቃ ይገለጣል። ያኔ ግን ብረቱ ቶሎ ይደነዝዛል፣ ብናኙም ሳንባ ይጎዳልና ጭንብል አድርጉ።

አሜሪካ ውስጥ ለምትሸጡ፦ የአሜሪካ ተወላጆች ያልሠሩትን ዕቃ የእነሱ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ክልክል ነው። በዕቃው ውሃ አትያዙበት፤ ያሰርጋል፣ ገጹም ይላጣል።