ጂአርኢን ለመድገም ከመመዝገባችሁ በፊት

ነሐሴ 2016 አዲስ አበባ ጂአርኢን፣ ውጭ አገር ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለማመልከት የሚወሰደውን ፈተና፣ ጨርሼ ስክሪኑ ላይ ኳንት (ሒሳቡ) 160፣ ቨርባል (የእንግሊዝኛ ቃላትና ንባቡ) 148 የሚል ቁጥር ሳይ እጄ በረደኝ። ከሐዋሳ በአውቶቡስ መጥቼ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ 220 ዶላር ከፍላልኝ የተቀመጥኩበት ፈተና ነበር። ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ ሒሳብ ያቅተኛል ብዬ አላሰብኩም። ተማሪዎቼ፣ ባልደረቦቼ፣ እናቴ ሳይቀሩ ውጤቱን እየጠበቁ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩና ሁለተኛ ጊዜ አስከፈልኳት።

ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ተፈተንኩ። ኳንት 161፣ ቨርባል 147።

ይህን የምጽፈው እኔ ያን ማታ የወሰንኩትን ዓይነት ውሳኔ ሌላ ሰው እንዳይወስን ነው። አንድ ሰው ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ሁለት ቀን ቢፈተን ውጤቱ ሁለት ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ማለቱ የፈተናው ባሕርይ ነው። እኔ በአራት ሳምንት ውስጥ የቀየርኩት ነገር ስላልነበረ፣ ሁለተኛው ፈተና የመጀመሪያውን ደግሞ ለካልኝ እንጂ ሌላ አልነገረኝም። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት 57 ብር አካባቢ ነበር፤ መስከረም 2017 ላይ በባንክ ከ110 አልፎ ነበር። 220 ዶላር ያኔ ከ24,000 ብር በላይ ማለት ነበር፣ ከሁለት ወር ደመወዜ የሚበልጥ። የአክስቴ ልጅ መልሼ ልስጥሽ ብላት አልቀበልም አለች። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እንግዲህ ልድገም ወይስ ልተው ስትሉ መጀመሪያ ከውጤታችሁ ላይ ዓይናችሁን አንሱና የምታመለክቱባቸውን የትምህርት ክፍሎች ድረ ገጽ ክፈቱ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ ብዙ የኮምፒዩተር ሳይንስና የሥነ ሕይወት ክፍሎች ጂአርኢን ትተዋል። በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ግን አሁንም የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። እኔ በደብተር ላይ ስድስት ክፍሎችን ጻፍኩና ከእያንዳንዳቸው ጎን «ግዴታ»፣ «በፈቃደኝነት»፣ «አንቀበልም» እያልኩ ሞላሁ። የዩኒቨርሲቲውን አጠቃላይ ገጽ ሳይሆን የክፍሉን ገጽ ነው ማየት ያለባችሁ፤ ሁለቱ ሲለያዩ አይቻለሁ። ግልጽ ካልሆነ ለክፍሉ አስተባባሪ በሦስት መስመር ኢሜይል ጠይቁ።

ከዚያ ደግሞ ክፍሉ የትኛውን ቁጥር እንደሚያይ ለዩ። ኳንትም ቨርባልም ከ130 እስከ 170 ቢሰጡም አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ቨርባል 160 ያመጣ ሰው ከመቶ ከሰማንያ በላይ ተፈታኞችን ቀድሟል። ኳንት 160 ያመጣ ግን መሀል አካባቢ ነው የቆመው። በኢኮኖሚክስ መራጮቹ ቀድመው የሚያዩት ኳንትን ነው። ስለዚህ ለእኔ ችግሩ 148ቱ ሳይሆን 160ው ነበር። ታሪክ ወይም ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው ነገሩ ይገለበጣል።

ዋናው ሥራ ነጥቡ የት እንደጠፋ ማወቅ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ከፈተናው እንደወጣችሁ አንድ ካፌ ተቀመጡና ጻፉ። ጥያቄዎቹን ማውጣት ክልክል ነው፤ የምትጽፉት የራሳችሁን ሁኔታ ነው። ሰዓቱ የት ላይ አለቀ? ስንቱን በግምት ሞላችሁ? የትኛው ዓይነት ጥያቄ ላይ ተንቀረፈፋችሁ? እኔ ይህን ያደረግኩት ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ነው። ያገኘሁት ይኸው፦ የመጀመሪያው የኳንት ክፍል 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ ነው፤ አንድ የሠንጠረዥ ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ ያህል ቆይቼ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን በሁለት ደቂቃ አጣድፌያለሁ። የባሰው ደግሞ፣ ሁለተኛው ክፍል (15 ጥያቄ፣ 26 ደቂቃ) የሚከብደው ወይም የሚቀልለው በመጀመሪያው ባሳያችሁት ልክ ነው። እዚያ በችኮላ የጣልኳቸው ሦስት ጥያቄዎች የሁለተኛውን ክፍል ጣሪያ ዝቅ አድርገውብኛል።

ሌላው የማወዳደር ጥያቄ ነው። ሁለት መጠን ይሰጣችሁና የትኛው ይበልጣል፣ እኩል ናቸው ወይስ መለየት አይቻልም ይላችኋል። x ስኩዌርን ከ x ጋር አወዳድሩ ሲባል እጄ «ስኩዌሩ» ብሎ ይሄዳል። x ዜሮ ከሆነ እኩል ናቸው፤ ግማሽ ከሆነ ስኩዌሩ ያንሳል፤ ሁለት ከሆነ ይበልጣል። መልሱ «መለየት አይቻልም» ነው። እኛ ትምህርት ቤት የተማርነው አስልተን መልስ ላይ መድረስን ነው፣ ያውም በደንብ ተምረናል። ይህ ፈተና ግን አንዳንዴ አታስሉ ነው የሚለው። ዜሮን፣ ነጋቲቩን፣ ክፍልፋዩን መሞከር ልማድ ለማድረግ አንድ ወር ፈጀብኝ።

እነዚህ ሁሉ የሚታረሙ ጉድለቶች ናቸው፤ የሰዓት አያያዝና የጥያቄ ልማድ በስድስትና ሰባት ሳምንት ይሻሻላል። የቨርባሉ ግን የቃላትና የንባብ ጉዳይ ስለሆነ፣ ዓመታት የሚጠይቀውን በሁለት ወር አመጣዋለሁ ብላችሁ ለዚያ ብቻ ባትደግሙ እመክራለሁ።

ጉድለቱ ታረመ ወይ የሚለውን ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ለኩ። ፈታኙ ድርጅት ራሱ ፓወርፕሬፕ የሚባሉ ሁለት የልምምድ ፈተናዎችን በነፃ ይሰጣል። እንደ እውነተኛው ጠዋት ተቀምጣችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ፣ ሳታቋርጡ ውሰዷቸው። አንደኛውን ከመጀመሪያው ፈተና በፊት፣ ሁለተኛውን ለውሳኔው አስቀምጡት። የእኔ አንደኛው ኳንት 161 ነበር፤ በፈተናው 160 ማምጣቴ የሚገባኝን ማምጣቴ ነበር ማለት ነው፣ ያን ማታ ግን ይህን ለማየት ልቤ አልፈቀደም። የልምምዱ ውጤት ከእውነተኛው በአራትና አምስት ነጥብ የሚበልጥ ከሆነ፣ የፈተናው ቀን እንቅልፍ ማጣት ወይም የመንገድ ድካም ነጥብ ወስዶባችኋል፤ ድገሙት። እኩል ከሆነ ግን መጀመሪያ የምታጠኑበት ጊዜ ይኑራችሁ። ጥቅምት ላይ ሁለተኛውን ስወስድ 166 አገኘሁ፤ የተመዘገብኩትም ከዚያ በኋላ ነው።

የቀን ስሌቱን በእኛ አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ብዙ ማመልከቻዎች ዲሴምበር 1 ወይም 15 ይዘጋሉ፣ ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 6 ማለት ነው። በሁለት ፈተና መካከል ቢያንስ 21 ቀን ያስፈልጋል፣ በ12 ወር ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ አይፈቀድም። ይፋዊው ውጤት ከ8 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፣ መላኩም ጊዜ አለው። ስለዚህ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ሦስት ሳምንት በፊት ያልወሰዳችሁትን ፈተና ለዚያ ዓመት ተዉት። እነዚያው ሳምንታት የዓላማ መግለጫ የሚጻፍባቸውና የድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎች የሚለመኑባቸው መሆናቸውንም አስቡ።

ብዙ ጊዜ ተፈተነች ይሉኛል ብላችሁ አትፍሩ። ውጤት ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ የትኛውን ቀን ፈተና እንደምትልኩም መምረጥ ትችላላችሁ፤ ክፍሉ ሁሉንም ላኩ ካላለ በቀር የሚያየው የላካችሁትን ነው። የአንዱን ቀን ቨርባል ከሌላው ቀን ኳንት ጋር አዳቅሎ መላክ ግን አይቻልም። ስትመዘገቡ ስማችሁ ፓስፖርት ላይ ያለውን በፊደል ይምሰል፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ ሲቀያየር በር ላይ የሚመለስ ሰው አለ። ቤት ሆኖ መፈተንም ይቻላል፤ መብራትና ኢንተርኔት ስለማላምን አልሞከርኩትም።

ጥቅምት 22 ቀን 2017 ሦስተኛውን ወሰድኩ፤ ከአንድ ቀን በፊት ገብቼ መገናኛ አካባቢ አክስቴ ቤት ተኝቼ። ኳንት 167፣ ቨርባል 149።

ባለፈው ዓመት አንድ የባዮሎጂ ወጣት መምህር ቢሮዬ መጣና «እህቴ፣ ልድገመው?» አለኝ። ኳንት 155፣ ቨርባል 151 አምጥቷል፤ ፊቱ የእኔን የዚያን ማታ ፊት ይመስላል። አብረን የአምስት ክፍሎችን ገጽ ከፈትን። ሦስቱ ጂአርኢን አንቀበልም ይላሉ፣ ሁለቱ በፈቃደኝነት ነው። የመመዝገቢያውን ገጽ ዘጋንና የዓላማ መግለጫውን አሳየኝ አልኩት። አንደኛው ገጽ ሙሉ ስለ ልጅነቱ ነው፤ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ላይ የሠራው ሁለት ዓመት ምርምር ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ተቀምጧል። ሁለት ማታ ተቀምጠን ዓሣውን ወደ መጀመሪያው አንቀጽ አመጣነው። ጂአርኢውን ለማንም አልላከም።