የሃስክል ኮምፓይለር ሲቆጣ እንዴት ይነበባል

የሃስክል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኮምፓይለር፣ ማለትም የጻፋችሁትን ኮድ መርምሮ ማሽን ወደሚረዳው የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ስህተታችሁ የት እንዳለ አያውቅም። ይህን ለማስተምራቸው ልጆች በመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ፤ ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ ግን ዓይናቸው ወደተጠቆመው መስመር ይሮጥና እዚያው መነካካት ይጀምራሉ። ኮምፓይለሩ የሚያውቀው በአንድ ቦታ የጻፋችሁትና በሌላ ቦታ የጻፋችሁት አብረው እንደማይሄዱ ብቻ ነው። የሚጠቁማችሁም ሁለቱ የተጋጩበትን ቦታ ነው። ጥፋቱ ከዚያ መቶ መስመር ርቆ፣ እንዲያውም ሌላ ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

የሂሳብ መምህር ስለነበርሁ ነገሩ የገባኝ በእኩልታ በኩል ነው። ሃስክል ታይፕ፣ ማለትም አንድ ነገር ቁጥር ነው፣ ጽሑፍ ነው ወይስ ዝርዝር የሚለውን ዓይነት፣ እንድትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ አያስገድድም፤ ያልተጻፈውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ያልታወቀውን ታይፕ ሁሉ እንደ ኤክስ ይወስድና ከኮዳችሁ እኩልታ አውጥቶ ይፈታል። አሠራሩ በሮጀር ሂንድሊና በሮቢን ሚልነር ስም ይጠራል፤ የሚልነር ጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እኩልታዎቹ መፍትሔ ሲያጡ ኮምፓይለሩ ይቆማል። ከእኩልታዎቹ የትኛው በስህተት እንደተጻፈ የሚያውቀው ግን የጻፈው ሰው ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ሃስክል የፋንክሽን (ግብዓት ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ ኮድ) ስም በአማርኛ ፊደል ቢጻፍ ይቀበላል፤ ስለዚህ ዝርዝር የሚገለብጥ ፋንክሽን እንዲህ እንጻፍ፦

ገልብጥ [] = []
ገልብጥ (ራስ:ጭራ) = ገልብጥ ጭራ ++ ራስ

«(ራስ:ጭራ)» ዝርዝሩን ለመጀመሪያው አባልና ለቀሪው ይከፍላል። ስህተት አለበት። «++» ሁለት ዝርዝሮችን ይቀጥላል፤ «ራስ» ግን አንድ አባል እንጂ ዝርዝር አይደለም። ኮምፓይለሩ ምን የሚል ይመስላችኋል? ምንም አይልም። «ራስ ዝርዝር መሆን አለበት፤ እንግዲያው ይህ ፋንክሽን የዝርዝሮችን ዝርዝር የሚቀበል ነው» ብሎ ይደመድምና ያልፋል። ከዚያ እናንተ ከታች «ገልብጥ [1,2,3]» ብላችሁ ስትጠሩት ጩኸቱ ይነሳል፤ ያውም ስለ 1 ቁጥር። «ኖ ኢንስታንስ ፎር ነም» ይላል፤ ዝርዝር በሚጠበቅበት ቦታ ቁጥር ገብቷል ማለቱ ነው። (ነም የቁጥሮች ቡድን ነው፤ ኢንስታንስ ደግሞ አንድ ታይፕ የዚያን ቡድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ ኮድ።) ምስኪኑ ተማሪ 1ን አፍጥጦ ያያል። 1 ምን አደረገ?

አሁን ከፋንክሽኑ በላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦

ገልብጥ :: [ሀ] -> [ሀ]

ይህ የታይፕ ፊርማ ነው፤ «ዝርዝር ተቀብሎ የዚያው ዓይነት አባላት ያሉትን ዝርዝር ይመልሳል» ይላል። ወዲያውኑ ስህተቱ ከ1 ላይ ተነስቶ ወደ ራሱ ወደ ፋንክሽኑ፣ ያውም «ራስ» ወደሚለው ቃል ይሄዳል። መድኃኒቱ «ራስ»ን በቅንፍ «[ራስ]» ማድረግ ነው። ስለዚህ ግራ የሚያጋባ መልእክት ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ ኮዱን መለወጥ አይደለም፤ ፊርማ የሌላቸውን ፋንክሽኖች ሁሉ ማስፈረም ነው። መልእክቶቹ ግማሽ ያህሉ በዚህ ብቻ ይገራሉ ብል አላጋነንሁም።

ከገልብጥ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ኮድ ግን ሌላ ዓይነት ጩኸት ያስነሳል። የመጀመሪያውን አባል ወደ መጨረሻ ለመውሰድ «አዙር (ራስ:ጭራ) = ጭራ ++ ራስ» ብትሉ፣ «ኢንፊኒት ታይፕ» መገንባት አልችልም ይላችኋል። ብዙ ሰው የሚፈራው መልእክት ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም ቀላሉ ነው። «ጭራ» የ«ራስ» ዓይነት አባላት ዝርዝር ነው፤ እናንተ ደግሞ «ራስ» ራሱ ከ«ጭራ» ጋር እኩል ዓይነት ይሁን አላችሁ። አንድ ነገር የራሱ ዝርዝር ሊሆን አይችልም። ይህን መልእክት ስታዩ ሌላ ነገር አትጠርጥሩ፤ አባልና ዝርዝር የተምታቱበትን ቦታ፣ ወይም አንድ ፋንክሽን የጎደለውን ወይም የተረፈውን ግብዓት ፈልጉ።

«ኖ ኢንስታንስ» የሚለውን እንመለስበት፤ ሰው የሚያሳስት ምክር ያለበት እሱ ነውና። የቋንቋውን የራሱን ስሞች እዚህ በድምፃቸው እጽፋለሁ፤ ኮድ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። የተማሪዎችን አማካይ ነጥብ ለማውጣት ድምሩን (ሰም) ለብዛቱ (ሌንግዝ) እናካፍል፦

አማካይ ነጥቦች = ሰም ነጥቦች / ሌንግዝ ነጥቦች

መልሱ «ኖ ኢንስታንስ ፎር ፍራክሽናል ኢንት» ነው፤ የተከሰሰውም «/» ምልክቱ ነው። ጀማሪው «ኢንስታንስ ጎድሏል፤ እንግዲያው ልጻፍ» ይልና ኢንት የሚባለው ሙሉ ቁጥር እንዲካፈል ኢንስታንስ ሊሠራለት ይነሳል። አታድርጉት። «ሌንግዝ» ምንጊዜም ኢንት ይመልሳል፤ «/» ደግሞ ክፍልፋይ መያዝ የሚችሉ ቁጥሮችን ብቻ ይወዳል። ፊርማ ብትጽፉና ነጥቦቹ ደብል (ክፍልፋይ የሚይዝ የቁጥር ታይፕ) መሆናቸውን ብትናገሩ መልእክቱ ራሱ ተለውጦ «ደብል ጠብቄ ኢንት አገኘሁ፤ ያገኘሁትም ከ/ ሁለተኛ ግብዓት ላይ፣ ከሌንግዝ ነው» ይላችኋል። ሙሉ ቁጥርን ወደሚፈለገው የቁጥር ዓይነት የሚለውጠውን ጨምራችሁ «ፍሮምኢንተግራል (ሌንግዝ ነጥቦች)» ስትሉ ይበቃዋል።

«ኤክስፔክትድ» እና «አክቹዋል» የሚሉት ሁለት መስመሮች ሲመጡ የመጀመሪያው ዙሪያው የሚፈልገውን፣ ሁለተኛው እዚያ ላይ የተገኘውን ይነግራል። ሰው ሁለቱን ያይና ከታች ያለውን ይተወዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማነበው ከታች ያለውን ነው፤ «የዚህ ፋንክሽን አንደኛ ግብዓት ላይ፣ ማለትም…» የሚለውን። ምክንያቱም ኮምፓይለሩ ቅንፍ የት እንዳስገባ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ጽሑፍ በሚያትመው ፋንክሽን «ፑትስትርላይን "ስም፡ " ++ ስም» ብላችሁ ጽፋችሁ እንደሆነ፣ «የ++ አንደኛ ግብዓት፣ ማለትም ፑትስትርላይን "ስም፡ "» ይላችኋል። በሃስክል ፋንክሽን ከማንኛውም ምልክት ቀድሞ አጠገቡ ያለውን ይይዛልና፣ ማተሙን ከጽሑፍ ጋር ልትቀጥሉ ሞክራችኋል። ቅንፍ ወይም «$» ይፈታዋል። የቁጥርን ፍጹማዊ ዋጋ ለማግኘት «አብስ -5» ብላችሁ ስትጽፉም እንዲሁ ነው፤ ከአብስ ላይ 5 ቀንሱ ያላችሁት ይመስለዋል። የቆዩት እትሞች ለዚህ «ፍሌክሲብል ኮንቴክስትስ የሚባለውን የቋንቋ ማስፋፊያ አብራ» ብለው ይመክራሉ። ምክሩ ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት ነው፤ «አብስ (-5)» በሉና እለፉ።

የአማርኛ ፊደል የምትጠቀሙ ከሆነ በየትኛውም የውጭ መማሪያ የማታገኙት ችግር አለ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሃስክል ደግሞ የታይፕና የኮንስትራክተር (የታይፑን ዋጋዎች የሚፈጥረው) ስም በትልቅ ፊደል እንዲጀምር ያስገድዳል፤ የግዕዝ ፊደልን እንደ ትንሽ ፊደል ስለሚቆጥረው «ገልብጥ» እና «ሀ» ያልፋሉ፤ አዲስ ታይፕ ለማወጅ «ዳታ ተማሪ» ስትሉ ግን የአዋጁ (የዲክላሬሽኑ) ራስ ተበላሽቷል ይላችኋል። የታይፕ ስም በላቲን ትልቅ ፊደል አስጀምሩት። ከዚህ የሚብሰው ሥርዓተ ነጥብ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ሳትዘጉ [1፣ 2] ብትጽፉ ኮምፓይለሩ «፣»ን ኮማ አይለውም፤ እንደ «+» ያለ ምልክት አድርጎ ይወስደውና «ይህ የሚባል አላውቅም» ይላል። በመልእክቱ ውስጥ በቅንፍ የተቀመጠችውን «፣» ልብ ብሎ ያላየ ሰው ብዙ ይደክማል። ከዎርድ የተቀዳ ኮድ ላይ ደግሞ 8220 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ የተጠማዘዘ ትእምርተ ጥቅስ ገብቶባችኋል፤ ሰርዛችሁ በኤዲተራችሁ ጻፉት። «ፕሪንት "ሰላም"» ስትሉ \4656\4619\4637 ቢወጣ ግን ስህተት አይደለም። ፕሪንት የሚያሳየው የፊደሎቹን የዩኒኮድ ቁጥር ነው፤ ፑትስትርላይን ተጠቀሙ።

አንድ መሣሪያ ልጨምር። የቱ ታይፕ እንደሚፈለግ ስታጡ እዚያ ቦታ ላይ «_» ብቻ አስቀምጡ። ኮምፓይለሩ «ቀዳዳ አገኘሁ» ይልና እዚያ ምን ዓይነት ነገር እንደሚገባ ይነግራችኋል፤ ብዙ ጊዜም የሚገጥሙ ስሞችን ይዘረዝራል። መልእክት ብዙ ሲሆን ከላይ ያለውን ብቻ አርሙና እንደገና ኮምፓይል አድርጉ፤ የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው።

እርዳታ ስትጠይቁም የመልእክቱን የታች ጫፍ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም አትላኩ፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ብዙው እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልገኝ ደግሞ የተቆረጠው የላይኛው ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ስህተት ሙሉ ጽሑፉን ገልብጡ፤ የተጠቀሰውን ፋንክሽን ከነፊርማው፣ እሱ የሚጠራቸውንም ፊርማ አብራችሁ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከጂኤችሲ (ዋናው የሃስክል ኮምፓይለር) 9.6 እትም ወዲህ አብዛኛው መልእክት የመለያ ቁጥር አለው፤ ታይፖች ካልተጣጣሙ ለምሳሌ 83865 ይላል። ለእኔ ከመላካችሁ በፊት በዚያ ቁጥር የሃስክል ኤረር ኢንዴክስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ብትፈልጉ ብዙ ጊዜ ማብራሪያውን ከነምሳሌው ታገኛላችሁ።