አበባው ከመስመሩ ጋር እንዳይጣላ

ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት ስወጣ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሐረጎን አልፈን ጠመዝማዛውን መውረድ ስንጀምር ደግሞ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ተራ በተራ ጃኬቱን ያወልቃል፤ «መስኮት ክፈቱ፣ መስኮት ዝጉ» የሚባለው ጭቅጭቅም የሚነሳው እዚያው ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ደሴ ላይ በካፖርት የሸፈንሽውን ነገር ሁሉ ሦስት ሰዓት ላይ የኮምቦልቻ ፀሐይ ያየዋል። ከሥር አበባማ ሸሚዝ፣ ከላዩ ባለመስመር ሹራብ፣ አንገት ላይ ዳማ ሻርፕ ጣል አድርገሽ ከወጣሽ፣ መስማማት አለመስማማታቸው የሚለየው ያኔ ነው።

እኔ ዲዛይን መቀላቀል የለመድኩት ዘናጭ ሆኜ አይደለም፣ ብርዱ አስገድዶኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያገኘሁትን እየደራረብኩ እሄድ ነበር። አንድ ቀን የቡጢ ያህል ቀይ ጽጌረዳ ባለበት ጉርድ ቀሚስ ላይ ትልልቅ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ሸሚዝ ለብሼ ቢሮ ስገባ፣ ባልደረባዬ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «እንዴ፣ መጋረጃውን አውርደሽ መጣሽ?» አለችኝ። ሳቅን። እውነቷን ግን ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ሁለቱን አልጋ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው ገባኝ፤ ሁለቱም ትልልቅ ናቸው፣ ሁለቱም ይጮኻሉ፣ የሚጋሩት ቀለም ደግሞ አንድም የለም።

ከዚያ ወዲህ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ቀለምና መጠን።

ከቀለም ልጀምር። አብረሽ የምትለብሻቸው ሁለት ልብሶች ቢያንስ አንድ የጋራ ቀለም ይኑራቸው። ብዙዎቻችን እዚህ ጋ የምንሳሳተው የልብሱን ዋና ቀለም ስለምንከተል ነው። ቀሚስሽ ሰማያዊ ስለሆነ ሰማያዊ ሻርፕ ትፈልጊያለሽ፤ የምታገኚው ሰማያዊ ደግሞ ወይ ደመቅ ወይ ፈዘዝ ይላል፣ ከዚያ ማች ለማድረግ ተሞክሮ ያልተሳካ ይመስላል። እሱን ተይውና አበባው ውስጥ ግቢ። ነጫጭ ትንንሽ አበቦች የተበተኑበት ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ አለኝ። ቀረብ ብለሽ ካየሽው እያንዳንዱ አበባ መሀሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል፣ የእርድ መልክ ያላት ነጥብ አለችው። ሻርፕ የገዛሁት ያቺን ነጥብ ይዤ ነው፦ እርድ ቀለም፣ ቀጫጭን ነጭ መስመር ያለበት። ከሩቅ ሲታይ ሻርፑ ከቀሚሱ ውስጥ ተመዝዞ የወጣ ነው የሚመስለው። ሰው «ከየት ነው አንድ ላይ የገዛሽው?» ይለኛል። አንድ ላይ አልገዛሁትም፣ በመሀላቸው ሁለት ዓመት አለ።

ሱቅ ስትገቢ ታዲያ ጨርቁን ይዘሽ ወደ በሩ ውጪ። የሱቅ መብራት ያታልላል። ባለሱቁ ቅር ካለው «ወንድሜ፣ ብርሃን ላይ ልየው ብዬ ነው» በይው። አረንጓዴ ነው ብዬ የገዛሁት ሻርፕ ቤት ስደርስ ቡናማ ሆኖብኝ ያውቃል፣ እስካሁን ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ዘዴም አለኝ። ልብስ ሳሰፋ የተረፈውን ቁራጭ ሰፊው ዘንድ አልተውም። የመዳፍ ያህል ቆርጬ ቦርሳዬ ውስጥ አኖራለሁ፤ ሰልባጅ ሳገላብጥ ድንገት የሚሆን ነገር ካየሁ እዚያው አጠገቡ አድርጌ አየዋለሁ። በትዝታ ቀለም ማዛመድ አይቻልም፣ አትሞክሪው።

መጠኑ ቀላል ነው። አንዱ ትልቅ ከሆነ ሌላው ትንሽ ይሁን። የቡጢ ያህል አበባ ካለ ጓደኛው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጥብ ወይም ክር የመሰለ ቀጭን መስመር ነው። ሁለት ትልልቅ አበባ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ግን ዓይን የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። መስታወት ፊት ቆመሽ ሦስት ርምጃ ወደ ኋላ በይና ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እዪ። ትንሹ ዲዛይን ሟምቶ አንድ ወጥ ቀለም ከመሰለሽ ገላገለሽ፣ ውጪ። ሁለቱም እኩል እየጎሉ ከታዩሽ አንዱን ቀይሪ። ሦስተኛ ዲዛይን የመጨመር ሐሳብ ካለሽ እሱ ካልሲ ወይም የፀጉር ማሰሪያ ላይ ይሁን እንጂ ሙሉ ልብስ አይሁን፤ ደፋር ሆነሽ ሦስቱንም በሙሉ ልብስ ካወጣሽው ደግሞ አደንቅሻለሁ፣ እኔ ግን አቅሙ የለኝም።

ለጀማሪ ከአበባ ጋር በጣም የሚስማማው ቀጭን መስመር ነው። አበባው ክብ ክብ፣ የተጠማዘዘ ነገር ስለሆነ መስመሩ ሥርዓት ያስይዘዋል። ዳማ ትንሽ ከበድ ይላል፣ በተለይ ዳማው ራሱ ሦስት አራት ቀለም ካለው። ነጠብጣብ ከትንሽ አበባ ጋር ሲሆን ተጠንቀቂ፣ ከሩቅ ሁለቱም ነጠብጣብ ይመስሉና ይደባለቃሉ። «አግድም መስመር ያወፍራል» ለሚልሽ ደግሞ መልስ ልስጥሽ። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የሚባል የጀርመን ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1867 ስለ ዓይንና እይታ ባሳተመው መጽሐፍ ተቃራኒውን ነው የጻፈው፤ በአግድም መስመር የተሞላ አራት ማዕዘን ከፍ ብሎ ይታያል፣ የሴቶች ቀሚስም አግድም መስመር ሲኖረው ረዘም ያስመስላል ብሏል። እናቴ አላመነችም። አንቺ መስታወትሽን እመኚ።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ ካልተናገርኩ ኃጢአት ይሆንብኛል። ገበያ ስትሄድ አበባማ ቀሚስ፣ ራሷ ላይ ሌላ ዓይነት አበባ ያለው ሻሽ፣ ከላይ ጥለት ያለው ነጠላ፣ ብርድ ከሆነ ደግሞ ዳማ ፎጣ ትደርባለች። አራት ዓይነት ዲዛይን ነው። መንገድ ላይ አይተሻት «ምን ለበሰች?» አትያትም፣ «እንዴት ታምራለች!» ነው የምትያት። ለረጅም ጊዜ ግራ ሲገባኝ ኖሮ ቆይቶ ነው የተገለጠልኝ። ነጠላው ነጭ ነው። ያ ሁሉ ነጭ በመሀል ገብቶ አበባውን ከዳማው ይለየዋል፣ ሁሉም መተንፈሻ ያገኛል። ጥለቱን ስታስጠልፍም ሆነ ስትገዛ ሁሌ ቀይ ትመርጣለች፣ ቀሚሷ ላይም የሆነ ቦታ ቀይ አይጠፋም። የቀለም ትምህርት ማንም አላስተማራትም።

ስለዚህ ሁለት ዲዛይን ሲጋጭብሽ መሀላቸው ልሙጥ ነገር አስገቢ። አበባማ ሸሚዝና ባለመስመር ሱሪ ከሆነ መሀል ላይ ልሙጥ ቀበቶ፣ ወይም ከላይ የማይቆለፍ ልሙጥ ሹራብ። ሂጃብ ለምታደርጊው ደግሞ ሂጃቡ ፊትሽ አጠገብ ስለሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ቀሚሱ ትልቅ አበባ ካለው ሂጃቡን ልሙጥ አድርገሽ ቀለሙን ከአበባው ቅጠል ውሰጂ። ሂጃቡ አበባማ ከሆነ በተቃራኒው፣ ቀሚሱ ዝም ይበል። ደሴ ላይ ሁለቱንም በጣም አሳምረው የሚለብሱ ልጆች አሉ፤ ፒያሳ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

አበባ የባላገር ነው እያሉ የሚንቁም አጋጥመውኛል። ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. ከ1686 እስከ 1759 ከሕንድ ይመጣ የነበረውን አበባማ የጥጥ ጨርቅ በሕግ ከልክላ ነበር፣ ሰው ሁሉ እሱን እየወደደ የራሷ ሐርና ሱፍ ሸማኔዎች ገበያ እንዳያጡ። በሕግ እስከመከልከል ያደረሰ ጨርቅ ነው እንግዲህ።

ሙሉ አበባ መልበስ የሚያስፈራሽ ከሆነ ከጥግ ጀምሪ። ጥቁር ጃኬት ካለሽ እጅጌውን አንድ ጊዜ አጥፊውና ገበሩ አበባማ እንዲሆን ልብስ ሰፊ ዘንድ አስቀይሪው፤ ስታጥፊው ብቻ ብልጭ ይላል። የጅንስ ሱሪሽ ጉልበቱ ላይ ሳስቶ ከሆነ አትጣይው። ከሥሩ ጨርቅ አስደርጊና በላዩ አበባ በክር ጥለፊበት። ጥልፍ የማትችዪ ከሆነ አምስት ቅጠል ብቻ ይበቃል፦ ከመሀል ወደ ውጭ አንዳንድ ረዥም ስፌት፣ መሀሉ ላይ ቢጫ ቋጠሮ። አደይ አበባ ይመስላል። ቅጠሉ ከአምስት ቢበልጥም ማንም አይቆጥርብሽም። እኔ የኪሴን ጠርዝ እንደዚያ አድርጌ አንድ ዓመት ሙሉ ለብሼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜም ሰው «ከውጭ የመጣ ነው?» ብሎኛል።

ልብስ የምታሰፊ ከሆነ ይህን አስምሪበት። አንዳንድ አበባማ ጨርቅ አቅጣጫ አለው፤ ግንዱ ወደ ታች፣ አበባው ወደ ላይ። ስሙን የማልጠራው አንድ ልብስ ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ ብሎ የቀሚሴን የጀርባ ቁራጭ ገልብጦ ቆረጠው። ከፊት አበባው ሽቅብ ያድጋል፣ ከኋላ ቁልቁል ተሰቅሏል። ያወቅሁት ለብሼ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ የነገረችኝም ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ናት። ስለዚህ ጨርቁን ስትሰጪ «ራሱ በዚህ በኩል ነው» ብለሽ በጠመኔ ቀስት አድርጊበት፣ ጨርቅ ስትገዢም ግማሽ ሜትር ያህል ጨምሪ። መስመርና ዳማም እንደዚሁ ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ መስመሩ እንዲገጥም ከፈለግሽ ትርፍ ጨርቅ ይጠይቃል፣ ያለሱ ሰፊውን መውቀስ አይቻልም።

የጨርቁ ዓይነትስ? ጠዋት ለደሴ ብለሽ ወፍራም ፖሊስተር ሸሚዝ ከለበስሽ ቀኑን ሙሉ ኮምቦልቻ ላይ ትቀቀያለሽ። ከሥር ጥጥ ወይም ሌላ ስስ ነገር፣ ሙቀቱን በሹራብና በካፖርት። ሽፎን ያምራል፣ ግን ከሥሩ ገበር ይፈልጋል። አዲስ ደማቅ ሻርፕ ከመልበስሽ በፊት ጥጉን አርጥበሽ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጊው፣ ቀለም ከለቀቀ ለብቻው እጠቢው። እኔ ሳልሞክር ወጥቼ፣ በክረምት፣ ሚኒባስ ስጠብቅ ዝናብ መታኝና ቀዩ ሻርፕ ክሬም ሸሚዜ ላይ ካርታ ሣለብኝ። ስለ ክረምት ካነሳን፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነጭ መደብ ላይ የተበተነ አበባ እስከ ቁርጭምጭሚት ለብሰሽ ደሴ ላይ አትውጪ። ጭቃው የራሱን ዲዛይን ይጨምርበታል። ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ መደብ ያለው አበባ ይሻላል፣ ርዝመቱም ከጫማሽ አፍ ከፍ ይበል።

ወንዶች ደግሞ «ይሄ ለእኛ አይደለም» እንዳትሉ። ወደ ባቲ በኩል ስትሄዱ ዳማ ሽርጥ አገልድሞ ባለመስመር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ታያላችሁ፣ ያምርበታል። ለቢሮ ከሆነ ትንንሽ አበባ ያለው ሸሚዝ በልሙጥ ሹራብ ሥር አድርጉት፣ ኮሌታው ብቻ ይውጣ። ካልሲም አለ። ታናሽ ወንድሜ አናናስ ያለበት ካልሲ ያደርጋል፣ ሱሪው ጥቁር ስለሆነ ሲቀመጥ ብቻ ነው የሚታየው። አናናስ አበባ አይደለም ብዬ ተከራክሬው ነበር፣ ትቼዋለሁ።

ደግሞ አንድ ልሙጥ ጥቁር ሻርፕ የቢሮሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ። አበባ በአበባ ሆነሽ በወጣሽበት ቀን ነው ከሰዓት በኋላ ተደውሎ «እገሌ አርፈዋል፣ አብረን እንሂድ» የሚባለው። ልብስ ለመቀየር ደሴ ድረስ አትወጪም። ሻርፑን አጣፍተሽ ደረትሽን ትሸፍኛለሽ፣ የቀረውን ካፖርቱ ይሸፍንልሻል።