ፊት የሚያጠራ ክሬም፦ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴትስ እንደሚቆም

"ፊት ያጠራል" የተባለ ክሬም ያልተጠቆመለት ሰው አሁን አሁን ማግኘት ከባድ ነው። ጓደኛ ትጠቁማለች፣ ፀጉር ቤት ይወራል፣ ቲክቶክ ላይ ከመቀባቱ በፊትና በኋላ የተነሳ ፎቶ ይታያል። ሠርግ ሲቀርብማ ወሬው ሁሉ እሱ ይሆናል። ክሬሙ ደግሞ ይሠራል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ፊት የሚያቀላ፣ ብጉር የሚያጠፋና ማድያት የሚያደበዝዝ ቅባት ብዙ ጊዜ ኮስሞቲክስ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ያውም ሐኪም መጠኑንና ቀኑን ወስኖ የሚያዘው መድኃኒት።

ይህን የጻፍኩት ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ ለሚል ሰው ነው። ጀምሮ ማቆም ላቃተው ደግሞ ይበልጥ።

1. የሚያስጨንቅዎትን ነገር ለይተው ይወቁ

"ፊቴ ተበላሸ" ማለት አይበቃም። ምኑ ነው የተበላሸው? በሁለቱም ጉንጭና በግንባር ላይ የወጣ ቡናማ ጥላ ከሆነ ማድያት ሊሆን ይችላል። ብጉር ከዳነ በኋላ የቀረ ጥቁር ነጥብ ከሆነ፣ ካልነካኩትና ፀሐይ ካልመታው በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ያለና የሚያሳክክ ከሆነ ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት ላይ ስቴሮይድ (የቆዳን መቆጣትና ማሳከክ የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት) ያለበት ክሬም ሲቀቡ ማሳከኩ ጋብ ይላል፣ ፈንገሱ ግን ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። መልኩ ስለሚቀየር ኋላ ሐኪሙም ለመለየት ይቸገራል።

እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው። ጠይም ወይም ጥቁር መሆን ግን በሽታ አይደለም። እኛ አገር ሰላምታው ራሱ "ምነው ጠቆርሽ?" ነው። "ቀላሽ፣ ተመቸሽ መሰለኝ" ማለት ደግሞ ምርቃት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን እየሰማ ያደገ ሰው ክሬም ቢፈልግ አልፈርድበትም። ነገር ግን የሚያስጨንቅዎት አንድ ነጥብ ሳይሆን ጠቅላላ የቆዳዎ ቀለም ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ፦ ቆዳ ቀለሙን ሁልጊዜ ይሠራል። ክሬሙን ሲያቆሙ ቀለሙ ይመለሳል። ስለዚህ ቅላቱን ለማቆየት ዕድሜ ልክ መቀባት ሊኖርብዎ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚቀቡት አይደለም።

2. ቱቦውን ያንብቡ

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ካርቶኑን ያዙሩና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ይፈልጉ። ካልታየዎት በስልክ ፎቶ አንስተው ያጉሉት። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን፣ ዴክሳሜታሶን፣ ፍሉኦሲኖሎን የሚሉ ስሞችን ካዩ እሱ ነው። ክሎቤታሶል ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት ነው። የራሱ መመሪያ በተከታታይ ከ2 ሳምንት በላይ እንዳይቀቡት፣ ፊት ላይም እንዳይውል ይላል። በየሱቁ ግን እንደ ማለስለሻ ጠዋትና ማታ ፊት ላይ ይቀባል፣ ለወራት። ውጤቱን ቀርበው ቢያዩት ይታወቃል። ቆዳው ሳስቶ ያንጸባርቃል፣ ጉንጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ክር ይታያሉ፣ አፍ ዙሪያ ሽፍታ ይወጣል፣ አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ፊት ቀልቶ የጣት አንጓዎች ጠቁረው ይቀራሉ። ፀሐይ ላይ ሲወጡ ያቃጥላል። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራ ሊያመጣም ይችላል።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ለማድያት ሐኪሞች የሚያዙት ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለተወሰኑ ወራት። ለዓመታት ሲቀቡት ግን አንዳንድ ሰው ላይ ተገላቢጦሹን ያመጣል፦ ጉንጭና ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁር ይሆናል፤ ያንን መመለስ በጣም ከባድ ነው። ደቡብ አፍሪካ ይህን ጉዳት ብዙ ሰው ላይ ካየች በኋላ በ1990 እ.ኤ.አ. ከኮስሞቲክስ ውስጥ አግዳዋለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2001 ቆዳ ማንጫ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። አሜሪካም ከ2020 ወዲህ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጥ አድርጋለች።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ እሱን በምንም መንገድ አይንኩት። ኩላሊት ይጎዳል። ከእናት እጅና ከፎጣ ወደ ሕፃን ይተላለፋል። ሚናማታ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ቆዳ ማንጫ ክሬም ውስጥ ከሚሊዮን 1 እጅ በላይ ሜርኩሪ መኖር አይፈቀድም ነበር፤ በ2023 ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረበት ኮስሞቲክስ እስከ 2025 ጨርሶ እንዲቀር አገሮች ተስማሙ። ቱቦው ላይ ካሎሜል፣ ሜርኩሪክ ወይም ሜርኩሪዮ የሚል ቃል ካለ አይግዙት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም ምልክት አለ፦ "ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም አያነካኩ" የሚል ማስጠንቀቂያ። ሜርኩሪ ከብረታ ብረት ጋር ስለሚዋሃድ ነው ይህን የሚጽፉት። የጋብቻ ቀለበትዎን አውልቀው የሚቀቡት ክሬም ፊትዎ ላይ ምን እንደሚሠራ አስቡት።

ቱቦውም ካርቶኑም ከሌለስ? ብልቃጥ ውስጥ ተቀላቅሎ የሚሸጠው "ሚክስ" የሚባለው ነው። ሦስት አራት ክሬም በአንድ ዕቃ ይበጠበጣል፣ በማንኪያ እየተጨለፈ ይሸጣል። "ከዱባይ የመጣ ነው" ይባላል። በሻንጣ መጣ ማለት ማንም አልመረመረውም ማለት ነው። የተጻፈ ነገር የሌለውን አይግዙ። እዚህ ላይ ድርድር ያለ አይመስለኝም።

3. ሻጩን ይጠይቁ፣ ከዚያ ይጠብቁ

"ውስጡ ምን አለበት?" "ስንት ቀን ልቀባው?" "ሳቆም ምን ይሆናል?" ይበሉ። "ምንም ጉዳት የለውም፣ እኔም እቀባዋለሁ" የሚል መልስ ከመጣ አመስግነው ይውጡ። ጥሩ ፋርማሲስት ቀኑን ይነግርዎታል፣ እርጉዝ መሆን አለመሆንዎንም ይጠይቃል። ሃይድሮኪኖንና ትሬቲኖይን (ለብጉርና ለማድያት የሚታዘዝ፣ ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ የሆነ ቅባት) በእርግዝና ጊዜ አይመከሩምና።

ጥሩ ክሬም ቢሆንም መጀመሪያ ክንድዎ ላይ ከውስጥ በኩል በየቀኑ ለሳምንት ይሞክሩት። አዲስ ነገር ሁሉ ከሠርግ ወይም ከምርቃት በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ መጀመር የለበትም። ሙሽራ ፊቷ የሚያብጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

4. አብዛኛው ሰው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው

ፊት የማያደርቅ ለስላሳ ሳሙና፣ ማለስለሻ፣ የፀሐይ መከላከያ። ማለስለሻው ውድ መሆን የለበትም፤ ፊቱ ደረቅ ለሆነ ሰው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል። ሎሚ ግን ፊት ላይ አይቀቡ። የሎሚ ጭማቂ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል።

ሰንስክሪኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። "እዚህ ብርድ ነው፣ ምን ፀሐይ አለ" ይባላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቢቀዘቅዝም ጨረሩ ኃይለኛ ነው። ማድያት ያለበት ሰው የፈለገውን መድኃኒት ቢቀባ ያለ ሰንስክሪን ልፋቱ ከንቱ ነው። የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይምረጡ። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጥተው ይቀቡ፣ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት። ፊት ላይ ነጭ ሆኖ ካስቸገረዎት የቆዳ ቀለም ያለውን ይፈልጉ፤ ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ጭምር ይከላከላል። ዋጋው ከከበደ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። የእሳት ሙቀትም ማድያት ሊያባብስ ይችላል፤ እንጀራ የሚጋግሩ ከሆነ ከምጣዱ ፊትዎን ራቅ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ።

ማድያቱ የጀመረዎት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ወይም መርፌ ከጀመሩ በኋላ ከሆነ ለጤና ባለሙያው ይንገሩ። ሌላ አማራጭ ሊኖር ይችላል።

5. ከጀመሩ እንዴት እንደሚያቆሙ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ክሬሙን ያቆማል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፊቱ ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ያብጣል፣ ብጉር ይወርደዋል። "ክሬሙ ነበር ለካ የሚጠብቀኝ" ይልና መልሶ ይቀባል። ወዲያው ደህና ይሆናል። እንደዚህ እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ያ መለብለብ ግን ቆዳው ስቴሮይዱን ከመልመዱ የመጣ ነው፤ ክሬሙ ያስፈልግዎታል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ምን ያህል እንደተቀቡ ይወቁ። ፊት ላይ ብቻ ለጥቂት ሳምንታት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማቆም ይቻላል። ለወራት ከሆነ፣ በተለይ መላ ሰውነትዎን ከተቀቡ ግን በራስዎ በአንድ ቀን አያቁሙ። ስቴሮይዱ በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን መሥራት እንዲያቆም ሊያደርግ ይችላል። ክሬሙ ድንገት ሲቀር ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል። ከባድ ድካም፣ ሲነሱ ማዞር፣ ማስመለስ ካለ ሆስፒታል ይሂዱ፣ ክሬም ሲቀቡ እንደነበርም ይናገሩ። ሐኪሙ ካልነገሩት ሊያውቅ አይችልም።

በሐኪም ክትትል ሲያቆሙ አንዳንዱ ሐኪም ወደ ደካማ ስቴሮይድ ያወርድዎታል፣ ከዚያ በየቀኑ የነበረውን አንድ ቀን እያለፉ እንዲቀቡ ያደርጋል። ሌላው ወዲያው አስቁሞ ማቃጠሉን የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣል። በዚህ ጊዜ ፊትዎን ያሳርፉት። በለብታ ውሃ ይታጠቡ፣ አይሹት። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያሳርፉበት፣ ስስ አድርገው ቫዝሊን ይቀቡ። ሜካፕ፣ ስክራብ፣ "ኦርጋኒክ" የተባለ ሁሉ ይቆይ። ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ቤተሰብዎ አስቀድሞ ይወቅ፤ "ፊትሽን ምን ነካው፣ ያንን ቅባት ተቀቢ እንጂ" የሚል ሰው በመሃል ልፋትዎን ያበላሻል።

ሜርኩሪ አለበት ብለው ከጠረጠሩ ወዲያው ያቁሙ። ክሬሙን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያኑሩት፣ አያቃጥሉት። እጅዎን ይታጠቡ። አረፋ የበዛበት ሽንት፣ የፊት ወይም የእግር ማበጥ ካለ የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። የሽንት ምርመራ ሜርኩሪው ሰውነት ውስጥ መኖሩን ያሳያል።

6. ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ

የተቀቡትን ሁሉ፣ ባዶ ቱቦውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። አይፈሩ፣ አይደብቁ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመ ቢሆንም ዛሬ የቆዳ ሕክምና በስፋት የሚሰጥበት ነው፤ በስሙ ምክንያት የሚሸሸው ሰው ይጎዳል። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ሐኪሙ ለማድያት ሃይድሮኪኖን፣ ትሬቲኖይንና ደካማ ስቴሮይድ በአንድ ላይ ያለበት ክሬም ሊያዝልዎ ይችላል። "ይኸው እሱም ያንኑ ሰጠኝ" እንዳይሉ። ልዩነቱ መጠኑና ቀኑ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እንዲህ ያለ ክሬም ለ8 ሳምንት ያህል ነው የሚቀባው። እርጉዝ ከሆኑ አዜላይክ አሲድ የሚባለው ሌላ የማድያት ቅባት እንዳለ ይጠይቁ።

7. መርፌና ሌዘር

"ግሉታታዮን" የሚባለው የሚያነጣ መርፌና ግሉኮስ በየቦታው ይተዋወቃል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ለማንጣት የፈቀደው መርፌ አንድም የለም። እኔ ብጠየቅ አይወጉት እላለሁ።

ሌዘርና ኬሚካል ፒሊንግ (የላይኛውን ቆዳ በኬሚካል መላጥ) ሌላ ጉዳይ ነው፤ በጥሩ እጅ ይጠቅማሉ። ግን ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆስል ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ኬሎይድም (ከቁስሉ አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ) ሊያወጣ ይችላል። ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲከተቡ ያበጠ ጠባሳ ወጥቶብዎት ከሆነ፣ ወይም ቤተሰብዎ ውስጥ ካለ፣ ከማንኛውም ቀዶ ጥገናና ሌዘር በፊት መጀመሪያ ይህንን ይናገሩ። ማሽኑን የሚይዘው ማን እንደሆነ፣ እንደ እርስዎ ያለ ቆዳ ላይ የሠራውን ውጤት ከስድስት ወር በኋላ ማየት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ስቴሮይድ ክሬም ሲቀቡ ከነበረም አይሸሽጉ፤ የሳሳ ቆዳ ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

8. በወር ይለኩ

በየቀኑ መስታወት ፊት ቆሞ መፈተሽ ያሳብዳል። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ፊልተር አንድ ፎቶ ያንሱ። ማድያት ለውጥ ለማሳየት ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል፣ ከብጉር የቀረ ነጥብ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሦስት ወር ሙሉ በትክክል ተቀብተው፣ ሰንስክሪንም ሳያቋርጡ፣ ፎቶዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ ወደ ሐኪሙ ይመለሱና ያሳዩት። በመሃል ሌላ ክሬም አይደርቡበት፤ ሁለት ክሬም ከተደራረበ የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንዳቆሰለ ለማወቅ እሱም ይቸገራል።