አቦ ወደ ኋላ አትሂድ! ፎቶ ገጣጥሞ ፖርትሬት ሲነሳ የሚበዙ ስህተቶች

ድሬም ሆነ ሐረር የሠርግ ፎቶ የሚያነሱ ልጆች አንድ ነገር ይዘዋል። ሙሽሪትን ያቆሙና በአንድ ክሊክ ፋንታ ሠላሳ አርባ ቁራጭ ያነሳሉ። ፊቷን፣ ወገቧን፣ የቀሚሷን ጫፍ፣ ከዚያ ግራ ቀኙን፣ ሰማዩን፣ መሬቱን። ማታ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብለው ይገጣጥሙታል። ሲሳካ በጣም ያምራል። መንገዱም ዛፉም በሰፊው ይታያል፣ ግን እሷ ብቻ ጥርት ብላ ሌላው ሁሉ ብዥ ይላል። ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቀው ራያን ብሬኒዘር የሚባል የኒውዮርክ የሠርግ ፎቶግራፈር ነው። በእሱ ስም ብሬኒዘር ሜተድ ይሉታል፣ ቦኬ ፓኖራማ የሚሉትም አሉ።

ብዙ ጊዜ ግን አይሳካም። ከዚያ ማታ ይደወልልኛል። «ሶፍትዌሩ እምቢ አለኝ» ይሉኛል። ሶፍትዌሩ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የተሠራው ቀን፣ ካሜራው እጃቸው ላይ እያለ ነው።

ወደ ኋላ መሸሽ

ከዚህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል።

ልጁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ነው። ሙሽሪት ቆማለች። 85 ሚሊሜትር ሌንስ ይዟል፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ መክፈቻ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 1.8 ላይ አድርጎታል። እስከዚህ ጎበዝ። ከዚያ ምን ያደርጋል? ሙሉ ቁመቷ ፍሬም ውስጥ እስኪገባ ድረስ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስምንት ሜትር ርቆ ይቆማል። እሷን አንዴ ያነሳና በዙሪያዋ ሃያ ቁራጭ ይለቅማል። ማታ ሲገጥመው ሙሽሪት የክብሪት እንጨት አክላ ትገኛለች፣ ከጀርባዋ ያለው የሱቅ ታፔላ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። «ብዥታው የታለ?» ይለኛል። አቦ እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ! ጥለኸው ሄደህ!

ብዥታው ከመገጣጠሙ አይመጣም። ከቅርበት ነው የሚመጣው። ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ይዘህ፣ በ85 ሌንስ፣ በ1.8፣ ከሰውየው 2.5 ሜትር ላይ ብትቆም ጥርት የሚለው ጥልቀት 9 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 8 ሜትር ላይ ስትቆም ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው ያደገው፣ ጥልቀቱ ግን አሥር እጥፍ፤ ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሚቆጠር። መገጣጠም የሚሰጥህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅርብ ቆመህ ያገኘኸውን ብዥታ ሳታጣ እይታውን ታሰፋለህ። መጀመሪያውኑ ቅርብ ካልቆምክ የምታሰፋው ብዥታ የለህም።

መለኪያው ቀላል ነው። ካሜራውን በቁሙ ይዘህ ስታይ ከራሷ እስከ ወገቧ ብቻ ፍሬሙን መሙላት አለበት። 85 ሌንስ ከ2.5 ሜትር ላይ በቁሙ የሚያየው ከፍታ 1 ሜትር ከትንሽ ነገር ነው። እግሯ አልገባም ብለህ አትደንግጥ። እግሯን ቀጥለህ ታነሳዋለህ፣ ሥራው እኮ እሱ ነው! እይታውን በወርድም በቁመትም እጥፍ አድርገህ ከገጠምከው ውጤቱ 42 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ 0.9 በሆነ ሌንስ የተነሳ ያህል ይሆናል። እስቲ ሱቅ ሄደህ ይሄን ሌንስ ጠይቅ።

በዚህ አጋጣሚ፣ «በስልኬ ፓኖራማ አይሆንም ወይ?» ለምትሉኝ፣ አይሆንም። ወሳኙ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው። 85 በ1.8 ሲከፈት ቀዳዳው 47 ሚሊሜትር ነው፣ 50 በ1.8 ደግሞ 28። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ግን 55 ላይ በ5.6 ሲሆን 10 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የስልክ ሌንስ ከዚያም በታች፣ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ርካሹ 50 በ1.8 ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ውድ ሌንስ እስክትገዛ አትጠብቅ።

ግድግዳ ላይ ማስደገፍ

ሐረር በግንብ የታጠረው ጁገል ውስጥ ይሄ ስህተት ሞልቷል። ግድግዳው አረንጓዴ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ ተቀብቶ ያምራል፣ እውነት ነው። ልጁ ልጅቷን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና ሠላሳ ፎቶ ያነሳል። ጀርባዋ ግድግዳውን ነክቶታል እኮ! ምን ብዥ እንዲልለት ነው? ጀርባው መራቅ አለበት። ግድግዳ ከፈለግክ በአንድ ክሊክ አንሳና ወደ ቤትህ ግባ።

ጠባብ መንገድ ውስጥ ርዝመቱን ተጠቀም። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይሠራሉ። ልጅቷን መንገዱ መሃል አቁማት፣ መንገዱ ከኋላዋ እየራቀ ይሂድ። የተሰቀለው ጨርቅ ሁሉ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰው ማለፉ አይቀርም። ሰዎቹን አስፈቅዳቸው፣ ደግሞም ሠላሳ ጊዜ ክሊክ ስታደርግ መንገዱን ዘግተህባቸው እንደሆነ አትርሳ። ከምሳ በኋላ፣ በርጫ ሰዓት ላይ፣ ጁገል ውስጥ ብዙ መንገድ ጭር ስለሚል ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ካሜራውን ይዞ መወዛወዝ

ጠባብ መንገድ ካልን አይቀር የሚከተለው ስህተት ይሄ ነው። ልጁ ካሜራውን ፊቱ ላይ ይዞ ከወገቡ ይዞራል። ሌንሱ ግራና ቀኝ ሲሄድ ከቦታው ብዙ ይንቀሳቀሳል። ሜዳ ላይ ቢሆን ግድ የለም። ጁገል ውስጥ ግን አጠገብህ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ሌንሱ ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር ቅርብ ያለው ድንጋይ ከኋላ ካለው ነገር አንፃር ቦታ ይቀይራል። ሶፍትዌሩ የቱን ይመን? ግድግዳው መሃል ላይ ይሰበርብሃል፣ የበሩ መቃን ሁለት ይሆናል።

መዞሪያው ሌንሱ ነው እንጂ ወገብህ አይደለም። ሌንሱን አየር ላይ አንድ ቦታ ትከለውና አንተ በዙሪያው ተንቀሳቀስ። መጀመሪያ ላይ የማይመች ነው፣ ያስቃል። አንድ ዘዴ አለ። ክር ውሰድ፣ ጫፉ ላይ ብሎን እሰር፣ ሌላውን ጫፍ ሌንሱ ላይ አስረህ ወደ መሬት ልቀቀው። መሬቱ ላይ ብሎኑ ከሚደርስበት ቦታ ጠጠር አስቀምጥ። ካሜራውን ስታዞር ብሎኑ ከጠጠሩ ላይ መራቅ የለበትም። ቤትህ በረንዳ ላይ እስክትለምደው ሞክረው። ከለመድከው በኋላ ክሩን ትጥለዋለህ። ትራይፖድ ያላችሁ ተጠቀሙበት፣ ግን ግዴታ አይደለም።

የሚንቀሳቀሰውን ነገር መጨረሻ ላይ ማንሳት

መጀመሪያ ፊቷን። ወዲያው እጆቿን፣ አበባዋን፣ ወገቧን፣ ቀሚሷን። ትንፋሽ ሳታስወስዳት። ሰውነቷ ካለቀ በኋላ «በቃ፣ አንቺ ጨረስሽ፣ ግን ከቦታሽ አትሂጂ» በላት። ዛፉና ሰማዩ የትም አይሄዱም፣ ቀስ ብለህ ታነሳቸዋለህ።

አንድ ልጅ ከሰማዩ ጀመረ። ከላይ ወደ ታች፣ በሥርዓት፣ ረድፍ በረድፍ። ፊቷ ጋ ሲደርስ ፈገግታዋ አልቋል፣ ቀኑ ሞቃት ነው፣ ሜካፑ ላብ ላብ ብሏል። እጇ ጋ ሲደርስ ደግሞ አበባውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውራዋለች። ማታ ሲገጥመው ሙሽሪት ሦስት እጅና ሁለት አበባ ይዛ ወጣች። ሙሽራው አይቶ ሳቀ፣ አማቱ ግን አልሳቁም።

ሌላው ደግሞ ይባስ ብሎ ማታ ከጁገል ቅጥር ውጪ ጅብ ሲበላ በዚህ ዘዴ ላንሳ አለ። ጅብ «ቀና በል፣ እንደዚያው ቁም» አይባል ነገር። ጭንቅላቱ ከአንዱ ጅብ፣ ወገቡ ከሌላው ሆኖ አረፈው። ሕፃን ልጅም ላይ አትሞክሩት፣ ከጅቡ አይሻልም።

ባጃጅ ያን ያህል አያስጨንቅህ። ድሬ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ስታነሳ ግማሽ ባጃጅ ፍሬምህ ውስጥ ከገባ እስኪያልፍ ጠብቅና ያንን ቁራጭ ብቻ ድገመው። ማታ ባጃጅ ያለበትን አውጥተህ ትጥላለህ።

አውቶ የሚባል ነገር

ሁሉንም አጥፋው። ሁሉንም ስል ፎከስም፣ ሻተርም (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ አይኤስኦም (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ዋይት ባላንስም (የቀለም ማስተካከያው)። አይኗ ላይ ፎከስ አድርግ፣ ከዚያ ሌንሱን ወደ ማንዋል ቀይር፣ ከዚያ በኋላ ቀለበቱን አትንካው። ካልቀየርከው ዛፉን ልታነሳ ስትዞር ካሜራው ዛፉ ላይ ፎከስ ያደርግልሃል፣ ብዥታህም እዚያው ያበቃል። እግርህንም አታንቀሳቅስ፣ ጥርት የሚለው 9 ሴንቲሜትር ብቻ ነው ብያለሁ።

የብርሃኑን መጠን ፊቷን አይተህ ወስንና ቆልፈው። አለዚያ ካሜራው ነጭ የተቀባውን ግድግዳ ሲያይ ያጨልማል፣ ጥላውን ሲያይ ያበራል፣ ፎቶህ ቡራቡሬ ይሆናል። ዋይት ባላንስም ያው ነው። አረንጓዴ ግድግዳ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ሊያስተካክል ብሎ ወደ ሮዝ ይጎትተዋል። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ካነሳህ ማታ ታስተካክለዋለህ፣ በጄፔግ ከሆነ ግን ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ የድሬ ፀሐይ የራሷ ጣጣ አላት። በጠራራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100፣ በ1.8 ለማንሳት ሻተሩ ወደ 1/8000 መድረስ አለበት። ብዙ ርካሽ ካሜራ 1/4000 ላይ ያበቃል። ልጁ ምን ያደርጋል? አፐርቸሩን ወደ 8 ይዘጋዋል። አለቀ፣ ሠላሳ ፎቶ ለምንም። ይልቅ ጥላ ግባ፣ ወይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ና፣ ወይ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ ጠቆር ያለ መስታወት) ግዛ። የከዚራ ዛፎች ምን ሊሠሩልህ የቆሙ ይመስልሃል?

ፍላሽ? አይሆንም። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ የሚርገበገብ አምፖል ካለ ግድግዳው ላይ መስመር መስመር ያወጣብሃል፣ ሻተሩን ዝቅ አድርገው።

ቁራጭ መቆጠብ

እያንዳንዱ ቁራጭ ጎረቤቱን ሲሶ ያህል መደረብ አለበት። ባዶ ሰማይና ሙልጭ ያለ ጀርባ ላይ ደግሞ እስከ ግማሽ ድረስ ደርብ። ሶፍትዌሩ የሚገጥመው ሁለቱ ቁራጮች ላይ የሚመሳሰል ነጥብ ፈልጎ ነው፤ ብዥ ባለ ሰማይ ላይ ምን ነጥብ ያገኛል? ቢያንስ የዛፍ ቅርንጫፍ ወይ የጣሪያ ጠርዝ አብሮ ይግባ። ዳር ዳሩንም ከምታስበው በላይ ሰፋ አድርገህ አንሳ፣ ሲገጠም ጠርዙ የተቦጫጨቀ ስለሚሆን መቁረጥህ አይቀርም።

ላፕቶፑን መግደል

24 ሜጋፒክስል የሆነ ሠላሳ ፎቶ 720 ሜጋፒክስል ነው። ይሄን በሙሉ መጠኑ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትጭንና «ቆመብኝ» ትላለህ። መጀመሪያ ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ውስጥ አንዱን አስተካክል፣ ያንኑ ማስተካከያ ለሁሉም ኮፒ አድርግ፣ ረጅሙን ጎን 2500 ፒክስል አድርገህ በጄፔግ አውጣ፣ ከዚያ ግጠም። የወጣው ፎቶ አሁንም ለትልቅ ፍሬም ይበቃል።

ሌንስ ኮሬክሽኑን ሳትጫን እንዳትገጥም። ሌንስ በ1.8 ሲከፈት ጥጎቹ ይጠቁራሉ። አንድ ፎቶ ላይ አይታይህም፣ ሠላሳው ሲገጠም ግን ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ በመደዳ ይሰለፋል።

ለመግጠሚያ የፎቶሾፕ ፎቶመርጅም፣ የላይትሩሙም ይሠራል። ገንዘብ ከሌለህ ሁጊን በነፃ ነው። የማይክሮሶፍቱን አይሲኢ ፈልገው የሚደክሙ አሉ፣ ማይክሮሶፍት ማሰራጨቱን አቁሟል። ከማይታወቅ ቦታ አውርደህ ቫይረስ እንዳትጭን። ድሬ፣ ከፊራ በሚባለው ገበያ ቅስቶች ፊት አንስተህ ቅስቶቹ ከተጣመሙብህ ደግሞ ሶፍትዌሩ ላይ ፕሮጀክሽኑን (ቁራጮቹን የሚዘረጋበትን ዘዴ) ወደ ፐርስፔክቲቭ ቀይረው። ዳርና ዳሩ የተለጠጠ ከመሰለህ እይታውን ከልክ በላይ አስፍተኸዋል ማለት ነው፣ ቁረጠው።

የመጨረሻዋ ትንሽ ናት፣ ግን ሌሊት ታድንሃለች። አንዱን ስብስብ ከመጀመርህ በፊትና ስትጨርስ የመዳፍህን ፎቶ አንዴ አንሳ። አለዚያ ስድስት መቶ ተመሳሳይ ቁራጭ ሜሞሪው ላይ ተዘርግቶ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ ስትለይ ይነጋብሃል።