በሥራ ሰዓት ሰው ይደውል፣ ማሳወቂያ ይቆይ፦ ስልክንና ኮምፒውተርን ለትኩረት እንዴት እናዘጋጃለን?

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ መጨረሻ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር አዘጋጃለሁ፤ ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ፣ የሥራ ግብር፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ሁሉም በየስሙ ትይዩ። አንድ ወር ላይ የትርፍ ሰዓቱን ከወረቀት ወደ ኤክሴል እየገለበጥኩ ሳለ የሥራ ባልደረቦቼ የቴሌግራም ቡድን ጮኸ። ከፍቼ አየሁት፤ የልደት ምኞት ነበር። «መልካም ልደት» ብዬ ጽፌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። የተመለስኩት ግን አንድ ረድፍ ዘልዬ ነበር።

ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሾፌር ቢሮዬ መጡና «ልጄ፣ በዚህ ወር የገባልኝ ብር በዝቷል፤ የሌላ ሰው እንዳይሆን» አሉኝ። የሌላ ሰው ነበር። የጎደለበት ሠራተኛ የቤት ኪራይ ሊከፍል ሲል ነው ያወቀው። ለእኔ አሥር ሴኮንድ የፈጀው መልእክት ለእሱ የሳምንት ጭንቀት ሆነበት።

ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን ነገር አስረድታዋለች። ሰው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ከሐሳቡ ከፊሉ በመጀመሪያው ላይ ይቀራል። እጃችን ወደ ሥራው ቢመለስም ልባችን ገና መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ወር ጀምሮ የስልኬንና የኮምፒውተሬን አያያዝ ለወጥኩ። ምንም አልገዛሁም፤ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ ቀድሞውኑ ውስጣቸው ነበር።

1. አንድ ቀን ብቻ ይቁጠሩ

ምንም ሳይቀይሩ አንድ የሥራ ቀን ያሳልፉና ማታ የስልክዎን ቅንብሮች ይክፈቱ። አንድሮይድ ስልክ ላይ «ዲጂታል ዌልቢይንግ»፣ አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» የሚል ክፍል ያገኛሉ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የመጡ ናቸውና ስልክዎ በጣም ያረጀ ካልሆነ በስተቀር አሉት። ስልኩን ስንት ሰዓት እንደተጠቀሙ የሚገልጸውን ቁጥር ይለፉት። የሚፈልጉት ሁለት ቁጥሮችን ነው፤ በቀኑ ውስጥ ስልኩን ስንት ጊዜ እንደከፈቱና ስንት ማሳወቂያ እንደደረሰዎት። ከየትኛው መተግበሪያ እንደመጣም ተዘርዝሯል። ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

2. ሰውን ከማሳወቂያ ይለዩ

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው። ብዙ ሰው ስልኩን ማጥፋት ይፈራል፤ መፍራቱም ትክክል ነው። እናት ታማ ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ የለቅሶ መርዶም በስልክ ይመጣል። እኛ አገር ስልክ አጥፍቶ መቀመጥ ከሰው መለየት ነው። ስለዚህ ስልክዎን አያጥፉ፤ ማን ሊያንኳኳ እንደሚችል ብቻ ይወስኑ።

በቅንብሮች ውስጥ «አትረብሽ» የሚለውን ይፈልጉ። በእንግሊዝኛ የሚጠቀሙ ከሆነ «ዱ ኖት ዲስተርብ» ይለዋል። ከዚያ የጥሪ ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቦታ ይግቡና ኮከብ የተደረገላቸው ስሞች ብቻ እንዲደውሉ ይፍቀዱ። ከስም ዝርዝርዎ ውስጥ ለእናትዎ፣ ለትዳር ጓደኛዎ፣ ለልጅዎ ትምህርት ቤትና ለቅርብ አለቃዎ ኮከብ ያድርጉ። እኔ ሰባት ስሞች አሉኝ። ሃያ ከደረሱ ግን ዝርዝሩን እንደገና ይመልከቱት።

ኮከብ የሌለው ሰው አስቸኳይ ጉዳይ ቢገጥመውስ? ለዚህም መፍትሔ አለ። በዚያው ገጽ ላይ ደጋግሞ የሚደውልን ሰው የማሳለፍ ምርጫ ይገኛል። አንድሮይድ ላይ ያው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ አይፎን ላይ ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ከደወለ ስልኩ ይጮሃል። መርዶ የሚያደርስ ሰው አንድ ጊዜ ደውሎ አይተውም። ይህን ምርጫ ካበራሁ ወዲህ ስልኬን ጸጥ አድርጌ ስሠራ አልሰጋም።

መልእክቶች አይጠፉም፤ ድምፅ ሳያሰሙ ይቀመጣሉ። ከባንክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ሲጠብቁ ስልኩን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ የሚያስቸግረውን የማስታወቂያ አጭር መልእክት ግን ማሳወቂያውን ጫን ብለው ይያዙና «ጸጥተኛ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከዚያ በኋላ አይጮህም።

3. ሰዓቱን ሲሞሉ ይጠንቀቁ

«አትረብሽ» በየቀኑ ራሱ እንዲበራና እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልካችን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት መሥራት ከፈለጉ የሚሞሉት ከ9:00 እስከ 11:00 ኤኤም ነው። 3:00 ኤኤም ብሎ የሞላ ሰው ስልኩ ጸጥ የሚለው ሌሊት በእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ ጠዋት ሥራ ላይ ግን እንደ ወትሮው ይጮሃል።

ጊዜውን ሲመርጡም የመሥሪያ ቤትዎን ልማድ ይከተሉ። 2:30 ገብተው 6:30 ለምሳ የሚወጡ ከሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሰላምታና የአዳር መልእክት የሚያስተናግዱበት ነው፤ አይታገሉት። ከ3 እስከ 5 ያለው ወርቅ ነው። ዓርብ ለምሳ 5:30 በሚወጣበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ጠዋቱ ያጥራልና ለዓርብ የተለየ ሰዓት ይሙሉ።

4. ቴሌግራምን ያስተካክሉ

የቢሮ ሥራችን ግማሹ በቴሌግራም ስለሚካሄድ አጥፉት ማለት አልችልም። የእድሩ ቡድን፣ የድሮ ተማሪዎች ቡድን፣ የዜና ቻናሎችና አለቃዎ የሥራ ትእዛዝ የሚልኩበት ቡድን አንድ ላይ ተደርድረው ሲቀመጡ ግን ትእዛዙን ልናይ ገብተን ዜና ስናነብ እንቆያለን።

በመጀመሪያ ከሥራ ውጭ ያሉትን ቡድኖችና ቻናሎች አንድ በአንድ ጫን ብለው ይዘው ድምፃቸውን ለዘለቄታው ይዝጉ፤ ቀጥሎ ወደ ማኅደሩ፣ ማለትም ወደ «አርካይቭ» ይላኳቸው። ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው። ድምፁ ያልተዘጋ ቡድን አዲስ መልእክት ሲመጣበት ከማኅደሩ ወጥቶ ወደ ዋናው ዝርዝር ይመለሳል፤ ድምፁ የተዘጋው ግን እዚያው ይቆያል። አንድ ሰው በስምዎ ጠርቶ ቢጽፍልዎ ደግሞ ቡድኑ ድምፁ የተዘጋ ቢሆንም ማሳወቂያው ይደርስዎታል፤ ስለዚህ የእድሩ ጸሐፊ ቢፈልግዎት አያጣዎትም።

ቀጥሎ በቴሌግራም ቅንብሮች ውስጥ «ፎልደርስ» ወደሚለው ይግቡና «ሥራ» የሚል አንድ ፎልደር ይክፈቱ። ውስጡ የሥራ ቡድኖችና የሥራ ሰዎች ብቻ ይግቡ። በሥራ ሰዓት ከዚያ ፎልደር አይውጡ።

5. ኮምፒውተሩንም አይርሱት

ስልኩ ጸጥ ብሎ ኮምፒውተሩ ከጮኸ ልፋቱ ከንቱ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ በስተቀኝ ታች ያለውን ሰዓት ሲጫኑ የደወል ምልክት ይመጣል፤ እሱን አንዴ መንካት ማሳወቂያዎችን ጸጥ ያሰኛል። የሰዓት መተግበሪያው ውስጥ ደግሞ «ፎከስ ሴሽን» የሚባል አለ፤ የሚሠሩበትን ደቂቃ ይሞላሉ፣ ሲጀምር ማሳወቂያውን ራሱ ይዘጋዋል፣ ሲያበቃ ይነግርዎታል።

ስንት ደቂቃ ይሁን? ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ሰዓት ጊዜ እየለካ ማጥናት ጀመረ፤ «ፖሞዶሮ» የሚባለው ዘዴ ስሙን ያገኘው ከዚያች ቲማቲም ነው። በዚህ ዘዴ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው። ለደመወዝ ዝርዝር ግን አጭር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንድ ክፍል ሳልጨርስ ይደውልብኛል። እኔ 50 ደቂቃ ሠርቼ 10 ደቂቃ አርፋለሁ። በእረፍቱ ስልክ አልነካም፤ ተነሥቼ ውኃ እጠጣለሁ ወይም በረንዳ ላይ እቆማለሁ።

በሥራ መሐል ድንገት የሚመጣ ሐሳብ፣ ለምሳሌ «የመብራት ሒሳብ አልከፈልኩም» የሚለው፣ እውነተኛ ጠላት ነው። ስልክ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ስልኩን መክፈት ራሱ ሌላ በር ይከፍታል። ለዚህ ብቻ ቴክኖሎጂን ትቼ ወረቀትና እስክሪብቶ ከጎኔ አስቀምጣለሁ።

መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ያው ነው፤ እጃችን ወዲያው ወደ ስልክ ይሄዳል። ጠዋት ገና ሲገቡ ለቀኑ የሚያስፈልጉዎትን ሰነዶች ኮምፒውተሩ ላይ ያውርዱ፤ ጎግል ድራይቭ የሚጠቀሙ ከሆነም ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ ምልክት ያድርጉባቸው። ላፕቶፕ ካለዎት ባትሪውን ሞልተው ይጀምሩ።

6. ለሰዎች ይንገሩ፣ እርስዎም ሌላውን አይረብሹ

መልስ ያዘገየ ሰው እንደ ኩሩ ይታያል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይናገሩ። እኔ በሥራ ቡድናችን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከ3 እስከ 5 ሰዓት ሂሳብ ላይ ስለምሆን መልእክት አላይም። አስቸኳይ ከሆነ ሁለት ጊዜ ደውሉልኝ።» የተቀየመ ሰው አልነበረም። እንዲያውም የግዥ ክፍሉ ባልደረባዬ በሳምንቱ የራሱን ሰዓት ለጠፈ።

ማታ ሥራ ትዝ ሲልዎት ደግሞ ለባልደረባዎ በዚያው ቅጽበት አይላኩ። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ጫን ብለው ሲይዙ ያለ ድምፅ መላክ ወይም ለነገ ጠዋት ቀጠሮ መስጠት ይቻላል፤ ጂሜይልም ከመላኪያው ቁልፍ ጎን ባለው ቀስት ተመሳሳይ ቀጠሮ ይቀበላል።

7. ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሮቹን ይመልከቱ

የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት ያውጡና ከአዲሶቹ ሁለት ቁጥሮች ጋር ያስተያዩ። ማሳወቂያው ቀንሶ ስልኩን የከፈቱበት ብዛት ካልቀነሰ፣ ከእንግዲህ የሚጠራዎት ስልኩ ሳይሆን ልማድዎ ነው፤ በሥራ ሰዓት ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ድምፁ ከመሳቢያም ይሰማል። ማሳወቂያው ራሱ ካልቀነሰ ግን ዝርዝሩን ይክፈቱና ከላይ ካሉት ሦስት መተግበሪያዎች ይጀምሩ።

እኔ የደመወዙን ዝርዝር አሁንም ከመላኬ በፊት የትርፍ ሰዓቱን ረድፍ ጣቴን እያስኬድኩ ስም በስም አነባለሁ፤ ሁልጊዜም የምጀምረው ከጋሼ ስም ነው።