መርዝ ላይ ምርምር ስትጀምሩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

አዲስ ተማሪ ሁሉ የሚጨነቀው እባቡን እንዴት እንደሚይዝ ነው። ጣጣው የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

«እባብ 3» ብሎ መጻፍ። ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ፍሪዘሩን ትከፍታላችሁ፣ ብልቃጡ ላይ «እባብ 3» ተብሎ ተጽፏል። በቃ! የት ተያዘ? መቼ? ወንድ ነው ሴት? ትንሽ ነው ትልቅ? የጻፈው ልጅ ተመርቆ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሳም። የአንድ ዝርያ መርዝ እንኳ እንደ አካባቢውና እንደ ዕድሜው ሊለያይ ይችላል። ጅማ ዙሪያ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከጌራ ወይም ከጎማ ወረዳ ቡና ማሳ ወፍራም እባብ በማዳበሪያ ከረጢት ሲመጣ፣ ሁሉም «ያው እፉኝት ነው» ብሎ ያልፋል። ያው አይደለም። አንደኛው አፍሪካን ያጥለቀለቀው ፓፍ አደር ነው። ሌላው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ቢቲስ ፓርቪኦኩላ ነው፤ በሳይንስ የታወቀው ገና በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ለአንዱ የተሠራ ፀረ መርዝ ለሌላው እኩል ይሠራል ማለት አይቻልም። ሁለቱን አንድ ብልቃጥ ውስጥ ካደባለቃችሁ ሥራው ገደል ገባ።

ስለዚህ መርዙ ከመታለቡ በፊት ጭንቅላቱን፣ ጀርባውንና ሆዱን ፎቶ አንሱ። ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ። ከቆዳው ቁራጭ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ፤ ዲኤንኤው አንድ ቀን ያስፈልጋችኋል። ገበሬው በኦሮምኛ የጠራበትን ስም እንደነገራችሁ ጻፉት። መለያውን በእርሳስ ጻፉና አልኮሉ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ። ማርከር አልኮል ሲነካው ይለቃል፤ እሱን ተማምኖ ነጭ ብልቃጥ ታቅፎ የቀረ ስንቱን አይቻለሁ።

የሞተ እባብ አይነድፍም ብሎ ማመን። ይነድፋል። የተቆረጠ ጭንቅላትም ይነድፋል።

አንዱን ብልቃጥ ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ። መርዝ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች እርስ በርስ ይበላላሉ። መብራት እልም ሲል ፍሪዘሩ ራሱ ያቀልጥላችኋል፤ እናንተ አትጨምሩበት። እንደታለበ በትንንሹ ከፋፍላችሁ በፍሪዝ ድራየር (አቀዝቅዞ በሚያደርቅ መሣሪያ) አድርቁት። በደንብ የደረቀ መርዝ ለዓመታት ይቆያል።

የደረቀውን ስትከፍቱ ግን ቀስ በሉ። ዱቄቱ ብን ይላል። አፍንጫ ውስጥ ሲደጋገም አለርጂ ያመጣል፤ አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ኋላ ቢነደፍ የባሰ አደጋ ላይ ነው። ማስክ አድርጉ፣ ፊውም ሁድ (አየሩን ስቦ የሚያስወጣ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ክፈቱ።

«ካንሰር ገደለ!» ብሎ መሮጥ። ጥሬ መርዝ ሳህን ላይ ካለ የካንሰር ሴል ላይ ስታፈሱ ሴሉ ይሞታል። ምን ይገርማል? በረኪናም ይገድለዋል። ጤነኛውን ሴል ጎን ለጎን ካልፈተናችሁ ውጤቱን አታሳዩኝ። የደም ግፊት መድኃኒቱን ካፕቶፕሪልን ተመልከቱ። የብራዚሉ ተመራማሪ ሰርጂዮ ፌሬራ ጃራራካ የተባለውን እባብ መርዝ ሲመረምር የጠየቀው «ይገድላል ወይ?» ብሎ አይደለም፤ ብራዲካይኒን የተባለውን የደም ሥር የሚያሰፋ ንጥረ ነገር ሥራ የሚያጎላው የትኛው ክፍል እንደሆነ ነው። ያንን በ1965 እ.ኤ.አ. አሳተመ፣ መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ክኒኑ ውስጥም ጠብታ መርዝ የለም፤ ኬሚስቶች አሠራሩን አይተው የሠሩት ትንሽ ሞለኪውል ነው።

ጥርስ ያለውን ብቻ መርዝ ማለት። ልጆች እባብ ፍለጋ ጫካ ለጫካ ሲንከራተቱ፣ የተጠለሉበት ዛፍ ብርብራ ነው። የቡና ጥላ የሆነው ያው ብርብራ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ሲገባ ዓሣ ያደነዝዛል፤ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለበት። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያየው ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ነው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና፣ ከዚያ የቢልሃርዚያ ምርምሩ መጣ።

እባብም ሆነ ብርብራ፣ ናሙናውን ውጭ ላለ ወዳጃችሁ በሻንጣ አትላኩ። ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማመልከቻውን ዛሬ አስገቡ፤ ናሙናው ከተሰበሰበ በኋላ አይደለም።